የሕፃን ጨርቅ ዋጋ፤ ስለ ሽንት ጨርቅና ስለ ድኻ ቤተ ሰብ ወጪ አጭር የታሪክ ጥናት

1. መግቢያ

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጨርቅ ብዙ ጽፈዋል። ከየትኛው ወደብ ምን ያህል አቡጀዲድ እንደ ገባ፣ የትኛው መንግሥት ከየትኛው ጋር ስለ ጥጥ ንግድ እንደ ተዋዋለ፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ በበዓል ቀን ምን ዐይነት ሸማ እንደ ለበሱ ከመጻሕፍት ማግኘት አይቸግርም። ነገር ግን ያ ሁሉ ጨርቅ በሰው ገላ ላይ አርጅቶ፣ ተቀዶና ተጣጥፎ በመጨረሻ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህን የመጨረሻውን መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ የሚያደርሰው ከሕፃን ሥር ነው።

ነገሩ ለጥናት የማይበቃ ተራ ጉዳይ መስሎ ለሚታየው አንባቢ በቁጥር እንመልስለታለን። አንድ ሕፃን በቀን 8 ጊዜ ጨርቅ ቢለወጥለት በዓመት 2,920 ጊዜ፣ በሁለት ዓመት ደግሞ 5,840 ጊዜ ይለወጥለታል። ከምግብ ሥራ በቀር በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የሚደጋገም ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሥራ በየቤቱና በየዘመኑ ሲሠራ የኖረ ስለ ሆነ፣ የድኻ ቤተ ሰብን የኑሮ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ሳያየው ሊያልፍ አይገባውም።

ታጥቦ የሚመለሰው ጨርቅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ርካሽ ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ርካሽ የሚሆነው ለማን ነው? የጽሑፋችን ጥያቄ ይኸው ነው። ለዚህም መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ በአገራችን፣ ቀጥሎ በእንግሊዝ፣ ከዚያም በፊንላንድና በአሜሪካ የሆነውን በአጭሩ እንመለከታለን። በጽሑፉ የጠቀስናቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. በአገራችን፤ ነጠላው ጨርቅ እስኪሆን

በአገራችን ደገኛ ቤት የሕፃን ጨርቅ ተብሎ አዲስ ጨርቅ ከገበያ መግዛት የተለመደ አልነበረም። የሕፃን ጨርቅ የሚወጣው ካረጀ ልብስ ነው። ጥጡን የምትፈትለው ሴት፣ ሸማውን የሚሠራው ሸማኔ ሲሆን፣ ነጠላው ወይም ጋቢው በመጀመሪያ የክት ልብስ ይሆናል፤ ትንሽ ሲያረጅ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያም የቤት ውስጥና የመኝታ ይሆናል፤ በመጨረሻም ሲሳሳ ተቀዶ ለሕፃን ጨርቅ ይቀመጣል። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት አሮጌ ነጠላ አይጣልም። እናትም ለልጇ፣ አክስትም ለእኅቷ ልጅ ያረጀውን አጥባና አጣጥፋ ታቆይላታለች።

ይህ ልማድ ከችግር የመጣ ብቻ መስሎ ሊታየን አይገባም፤ በውስጡ ዕውቀት አለበት። ጥጥ በተፈጥሮው በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ስላለው፣ ያልታጠበና ያልተቀቀለ አዲስ የጥጥ ጨርቅ ውሃን ቶሎ አይመጥም። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ግን ቅባቱ ስለሚለቅና ክሩ ስለሚለሰልስ ሽንቱን ፈጥኖ ይጠጣል፤ የሕፃኑንም ገላ አይልጥም። ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቡጀዲድ ደግሞ ገና ያልነጣና በፋብሪካ ስታርች የተቀባ ስለ ነበር፣ ለሕፃን ከመዋሉ በፊት ደጋግሞ መታጠብና መቀቀል ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ አሮጌው ነጠላ በዋጋ ብቻ ሳይሆን በጠባዩም ከአዲሱ ጨርቅ ይበልጥ ነበር። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ነው።

አቡጀዲድ በአገራችን ገበያ የያዘውን ስፍራ ለመረዳት አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ የአሜሪካ ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ያሰቡት ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቃቸው በኢትዮጵያ ያለውን ገበያ ነበር። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ጨርቅ በረከተ። በ1939 በድሬዳዋ፣ በ1961 ደግሞ በባሕር ዳር የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ። እንግዲህ በከተማ ያለ ድኻ ቤት ነጠላ የማይቀደድበት ሲሆን፣ ያረጀ አቡጀዲድ፣ ያረጀ አንሶላ ወይም የዱቄት ከረጢት ለሕፃን መዋል ጀመረ። የጨርቁ ዐይነት ተለወጠ፤ ሥርዐቱ ግን አልተለወጠም፤ አሮጌው ሁሉ በመጨረሻ የሕፃን ይሆናል።

በገጠር የጨርቁን ብዛት የሚቀንስ ሌላ ልማድ ነበረ፤ ዛሬም አለ። እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ስለምትውል፣ ልጁ ሲቁነጠነጥ ጊዜው እንደ ደረሰ በጀርባዋ ታውቀዋለች፤ ቶሎ አውርዳም ታስሸናዋለች። ከዚህም በላይ ሕፃኑ ከወገቡ በታች ራቁቱን የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ ጨርቁ የሚያስፈልገው ይልቁንም ለሌሊትና ለብርድ ጊዜ ነው። እናት ከልጇ ጋር መዋል በማትችልበት በከተማ ኑሮ ግን ይህ ልማድ እየደከመ፣ ጨርቁም እየበዛ ሄደ።

ስለ ጨርቁ ይህን ካልን ስለ እጥበቱ እንናገር። በአራስነት ጊዜ እናቲቱ ከባድ ሥራ ስለማትሠራ ጨርቁን የምታጥበው እናቷ፣ እኅቷ ወይም ጎረቤቷ ናት። የአራስነቱ ጊዜ ሲያልቅ ሥራው ወደ እርሷ ይመለሳል። ጨርቁ በመጀመሪያ ይራገፋል፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ታሽቶ ይታጠባል፤ ሁለት ጊዜ ተለቅልቆ ከተጨመቀ በኋላ በፀሐይ ይሰጣል። የገበያ ሳሙና ባልነበረበት ወይም በተወደደበት ዘመን ለልብስ እጥበት የሚያገለግለው እንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል፤ ሸማንም ያነጣል።

ስለ እንዶድ ከተነሣ ዘንድ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ መጥቀስ ይገባናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወራጅ ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚህም ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድል መድኃኒት መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። ለእኛ ጥናት ግን ይህ ታሪክ ሌላም ነገር ያስረዳናል። ሴቶቹ ልብስ ለማጠብ በየጊዜው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ውሃው ውስጥም ቆመው ሲያጥቡ ለበሽታው ይጋለጡ ነበር። ይህ ድካምና ይህ አደጋ በጨርቁ ዋጋ ውስጥ ተቆጥሮ አያውቅም።

3. በሎንዶንና በሊቨርፑል፤ ሳሙናው፣ ውሃውና ጋኑ

በአገራችን ይህ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በመዝገብ የሚጻፍ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ግን ድኾችን የሚረዱ ማኅበሮችና የሚመረምሩ ሰዎች መዝገብ ስለ ያዙ፣ የድኻ ሕፃን ጨርቅ በጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ወደዚያ እንሻገር።

ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ አለቃ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ በሎንዶን እንዲቋቋም በ1739 ከንጉሡ ፈቃድ አግኝቶ፣ ቤቱ በ1741 ሕፃናት መቀበል ጀመረ። ሕፃን ሲገባ ጸሐፊው የሚሞላው የታተመ ወረቀት ነበረ። በወረቀቱ ላይ የሕፃኑ ቆብ፣ ሸሚዝ፣ ብርድ ልብስና ካልሲ እያንዳንዱ ስፍራ ሲኖረው፣ የሽንት ጨርቁም በዘመኑ አጠራር «ክላውት» ተብሎ የራሱ መስመር ነበረው። ከብዙዎቹ ወረቀቶች ጋር ከሕፃኑ ልብስ የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ተያይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ምክንያቱም እናቲቱ አንድ ቀን ተመልሳ ልጇን ብትጠይቅ ምልክት እንዲሆናት ነው። ከእነዚህ ቁራጮች ወደ 5 ሺህ የሚደርሱት እስከ ዛሬ በሎንዶን ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ከ1756 እስከ 1760 ድረስ ማሳደጊያው የመጣለትን ሁሉ ሲቀበል ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ገብተው፣ አብዛኞቹ ሞተዋል። የሟቾቹን ስም የሚያስታውስ ሰው በሌለበት ዘመን፣ ለብሰውት የመጡት ጨርቅ ቁራጭ ብቻ ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ በእንግሊዝ አገር የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ለድኻ ወላዶች የአራስ ጨርቅ የያዘ ሣጥን ወይም ከረጢት ለአንድ ወር ያህል ያውሱ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ጨርቁ ታጥቦ መመለስ ነበረበት። በዚህ ነገር ላይ ልብ ልንል የሚገባን አለ። ማኅበሩ የሚሰጠው ጨርቁን ነው፤ እጥበቱን ግን ለወላዷ ይተውላታል። ወሩ ካለቀ በኋላም ሕፃኑ ጨርቅ መፈለጉን አይተውም።

እጥበቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። በእንግሊዝ ሳሙና ቀረጥ ያለበት ዕቃ ሲሆን ቀረጡ የተነሣው በ1853 ነው። ውሃ በየቤቱ አይደርስም፤ የሚደርሰውም በተወሰነ ሰዓት ነው። ጨርቅ ለመቀቀል ጋንና ከሰል ያስፈልጋል፤ ዝናብና ጢስ በበዛበት ከተማም ጨርቅ ማድረቅ ራሱ ጭንቅ ነው።

በ1832 በሊቨርፑል ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ የሆነው ነገር ይህን ችግር ከሁሉ ይበልጥ ያሳያል። በአየርላንድ የተወለደችው ኪቲ ዊልኪንሰን የተባለች ድኻ ሴት፣ በሰፈሯ ውስጥ የልብስ መቀቀያ ጋን ያላት እርሷ ስለ ነበረች፣ ጎረቤቶቿ የበሽተኞቹን ልብስና አንሶላ አምጥተው በሳምንት አንድ ፔኒ እየከፈሉ በቤቷ እንዲያጥቡ ፈቀደችላቸው። ከዚህ ሥራ የተነሣ በ1842 በከተማው ወጪ የሕዝብ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ቤት በሊቨርፑል ተከፈተ፤ በ1846 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የሕፃን ጨርቅ ርካሽ እንዲሆን ከተደረጉት ነገሮች መካከል ይህን ከፍ ያለ ስፍራ እንሰጠዋለን። ለሴቶቹ የተሰጣቸው ጨርቅ አልነበረም፤ ሙቅ ውሃና ጋን ነው።

ከዚህም በኋላ ችግሩ አላለቀም። ከ1909 እስከ 1913 ድረስ ሞድ ፔምበር ሪቭስና ጓደኞችዋ በሎንዶን ላምቤት በተባለው ሰፈር የሚኖሩ የሠራተኛ ቤተ ሰቦችን ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በሳምንት አንድ ፓውንድ በሚያህል ደመወዝ እንዴት እንደሚኖሩ መዘገቡ፤ ጥናቱም በ1913 ታተመ። ከመዝገቡ እንደሚታየው ከገንዘቡ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ ከሰል በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ ባለጠጋው ከሚገዛው ይልቅ ይወደዳል፤ ለሳሙናና ለሶዳ በየሳምንቱ ጥቂት ፔንስ ይወጣል። ውሃውን ወደ ላይ፣ እድፉን ወደ ታች በደረጃ የምትሸከመው እናቲቱ ናት። በሒሳቡ መዝገብ ላይ ሳሙናው አለ፤ ከሰሉም አለ፤ የእናቲቱ ጉልበት ግን በየትኛውም መስመር አይገኝም።

4. የፊንላንድ ሣጥን

የእንግሊዝ ማኅበሮች ጨርቁን ያውሱ እንደ ነበር ከላይ ተመልክተናል። የፊንላንድ መንግሥት ደግሞ ጨርቁን በሕግ ለመስጠት ቈረጠ። በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1938 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅ ላለ እናቶች የሕፃን ዕቃ የያዘ ሣጥን ይሰጥ ጀመር። በ1949 ይህ ስጦታ ለእናቶች ሁሉ እንዲሆን ተደረገ፤ ነገር ግን እናቲቱ አራተኛው ወር እርግዝና ሳያልፍ ወደ ሐኪም ወይም ወደ እናቶች ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት። እንግዲህ ጨርቁ እናቲቱን ወደ ሐኪም የሚያመጣ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን መከታተል ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናቶች ልብሱን በእጃቸው ስለሚሰፉ በሣጥኑ የሚገባው ያልተሰፋ ጨርቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥጡ ለጦር ሠራዊት ስለ ተፈለገ ከጨርቁ ከፊሉ በወረቀት ተተካ። በ1950ዎቹ የተሰፋ ልብስ በዛ። በ1969 ተጠቅሞ የሚጣለው የሽንት ጨርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቆሻሻ ያበዛል ተብሎ ወጥቶ፣ ታጥቦ የሚመለሰው ጨርቅ ተመለሰ።

የፊንላንድ ድኻ እናት ከዚህ ሣጥን ያገኘችው ጥቅም ከእንግሊዟ ይበልጣል። አንደኛ፣ ጨርቁ የእርሷ ነው፤ አትመልሰውም። ሁለተኛ፣ ከ1949 በኋላ ባለጠጋውም ድኻውም አንድ ዐይነት ሣጥን ስለሚቀበል፣ ሣጥኑን መቀበል የድኽነት ምልክት መሆኑ ቀረ።

5. በአሜሪካ፤ የሚጣለው ጨርቅ እንዴት መጣ

«ዳይፐር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥንት የጨርቅ ስም ነበር፤ ትንንሽ የአልማዝ ቅርጽ ያለበት ሽመና ማለት ነው። በኋላ ስሙ ከጨርቁ ወደ አገልግሎቱ ተላለፈ፤ ዛሬም በአገራችን ከተሞች ስሙ የሚነገረው ለሚጣለው ዐይነት ነው። ስሙ ጨርቅ ሆኖ ሳለ ዕቃው ጨርቅ አለመሆኑ ያስገርማል።

በአሜሪካ የሕፃን ጨርቅ አያያዝን ካሻሻሉት ነገሮች አንዱ መርፌ ቁልፍ ነው። ዋልተር ሀንት የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1849 የዚህን ዕቃ የፈጠራ መብት አግኝቶ በ400 ዶላር ሸጠው። በመርፌ ቁልፍ ምክንያት ጨርቁ ሕፃኑን ሳይወጋው ጠብቆ የሚያዝ ሆነ። ቀጥሎ በ1946 ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች እናት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቀዳ ሽንት የማያሳልፍ መሸፈኛ ሰፋች፤ በ1951 የፈጠራ መብቱን አግኝታ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ይህች ሴት ወረቀት የሆነና ተጠቅመው የሚጥሉት ጨርቅም አስባ ነበር፤ ነገር ግን ያነጋገረቻቸው የፋብሪካ ባለቤቶች አልተቀበሏትም።

የተሳካው በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ውስጥ በቪክቶር ሚልስ መሪነት የተሠራው ነው። ኩባንያው በ1961 በፔዮሪያ ከተማ አንዱን በ10 ሳንቲም ዋጋ ሸጦ ሲሞክር፣ እናቶች ዕቃውን ወደዱት፤ ዋጋውን ግን አልቻሉትም። ስለዚህ አሠራሩ ተለውጦ ዋጋው ወደ 6 ሳንቲም እስኪወርድ ድረስ በሰፊው አልተሸጠም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እናቶቹ በዚያን ጊዜ ሁለት ዋጋ ያነጻጽሩ ነበር፤ አንዱ የዕቃው ዋጋ፣ ሌላው የራሳቸው ድካም ዋጋ። 10 ሳንቲም ከድካማቸው በለጠ፤ 6 ሳንቲም ግን ከድካማቸው አነሰ። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጥበቱ ድካም በገበያ ላይ ዋጋ ወጣለት ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ ለድኻው አዲስ ችግር አመጣ። አሮጌ ነጠላ አንድ ጊዜ ተቀዶ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የሚጣለው ግን በየቀኑ ገንዘብ ይጠይቃል። በ2013 በአሜሪካ ኒው ሄቨን በተባለ ከተማ ገቢያቸው ዝቅ ባለ እናቶች መካከል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ 30 የሚያህሉት ለልጆቻቸው የሚበቃ የሽንት ጨርቅ መግዛት ያቅታቸዋል። ታዲያ ለምን ታጥቦ በሚመለሰው ጨርቅ አይጠቀሙም? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ምክንያቱም ብዙዎቹ በቤታቸው የልብስ ማጠቢያ መኪና የላቸውም፤ ብዙ የሕዝብ ማጠቢያ ቤቶች የሕፃን ሽንት ጨርቅ አይቀበሉም፤ የሕፃናት መዋያዎችም ብዙውን ጊዜ የሚጣለውን ዐይነት ካላመጣችሁ ይላሉ። እናቲቱ ልጇን ለመዋያ ካልሰጠች ወደ ሥራ አትሄድም፤ ሥራ ካልሄደች ገንዘብ አታገኝም። ስለዚህ ርካሹ ጨርቅ የሚጠቅመው ማጠቢያ ላለው ቤት ሲሆን፣ ማጠቢያ የሌለው ድኻ ውዱን ለመግዛት ይገደዳል።

6. ስለ ሒሳቡ

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ወደ አገራችን ተመልሰን የአንዱን ቤት ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩን የወሰድነው ነገሩን ለማስረዳት ሲሆን፣ አንባቢ በራሱ ቤት ልክ ሊለውጠው ይችላል።

አንድ ቤት 24 ጨርቅ አለው እንበል። ሕፃኑ በቀን 8 ቢለወጥለት በሁለት ቀን 16 ይቈሽሻል፤ 8ቱ ደግሞ የታጠቡት እስኪደርቁ ድረስ መጠባበቂያ ይሆናሉ። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ያስፈልጋል፤ በወር 15 ጊዜ መሆኑ ነው። ለአንድ እጥበት አንድ ሳፋ ለመዘፍዘፊያ፣ አንድ ለማጠቢያ፣ ሁለት ለማለቅለቂያ፣ በጠቅላላው 4 ሳፋ ውሃ ይፈጃል። አንዱን ሳፋ 10 ሊትር ብንቈጥረው 40 ሊትር፣ ማለት ሁለት ጀሪካን ይሆናል። በወር 600 ሊትር ወይም 30 ጀሪካን፣ በሁለት ዓመት 14,400 ሊትር ወይም 720 ጀሪካን ነው። የአንዱ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ውሃ በጀርባዋ የምታመጣ እናት ለዚህ ሥራ ብቻ በየወሩ 600 ኪሎ ትሸከማለች።

በሌላ ወገን እያንዳንዱ ጨርቅ በሁለት ዓመት ውስጥ 243 ጊዜ ያህል ያገለግላል። ጨርቁ ካረጀ ነጠላ የተቀደደ ከሆነ የተከፈለበት ገንዘብ ከምንም አይቈጠርም፤ አዲስ ተገዝቶም ቢሆን ዋጋው ለ243 ሲካፈል እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከሒሳቡ የሚገኘው መልስ ግልጽ ነው። ከጠቅላላው ዋጋ የጨርቁ ድርሻ ትንሽ፣ የውሃው፣ የሳሙናውና የጉልበቱ ድርሻ ግን ትልቅ ነው። ቧንቧ በግቢው ላለው ቤት ታጥቦ የሚመለሰው ጨርቅ ያለ ጥርጥር ርካሽ ነው። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ወይም ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ግን ርካሽነቱ በእናቲቱ ጀርባ ላይ የሚገኝ ነው።

በእንግሊዝ አገር የተፈጥሮ አካባቢን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በ2005ና በ2008 ያወጣው ጥናት በሌላ መንገድ ከዚሁ መልስ ላይ ደርሷል። ለሁለት ዓመት ተኩል አንድ ሕፃን የሚጠቀምበት የሚጣል ጨርቅ ወደ 550 ኪሎ፣ ታጥቦ የሚመለሰው ደግሞ ወደ 570 ኪሎ የሚሆን አየር የሚያሞቅ ጋዝ ያስወጣል ብሎ፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከአስተጣጠቡ ነው ይላል። ማጠቢያው ሞልቶ ከታጠበ፣ በመኪና ሳይሆን በገመድ ላይ ከተሰጣና ለሁለተኛው ልጅም ካገለገለ ወደ 200 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በፀሐይ ማስጣትና ጨርቁን ለታናሽ ማቆየት እናቶቻችን ሳይነገራቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ሒሳብ ከሠራን ዘንድ ለተጠቃሚ ቤት የሚረዱትን ነገሮች በአጭሩ እናስቀምጥ። ሰፊና ስስ የሆነ ባለ አንድ ንብር ጨርቅ በእጅ ሲታጠብ ቶሎ ይጠራል፤ ቶሎም ይደርቃል፤ ሲታጠፍ እንደ ሕፃኑ ዕድሜ ይወፍራል። ወፍራም ሆኖ የተሰፋው ግን በክረምት ሳይደርቅ ውሎ ያድራል። ሳሙናው በደንብ ካልተለቀለቀ የሕፃኑን ገላ ያቃጥላል፤ እርጥብ ጨርቅ ብዙ ሰዓት ከቆየም ገላው ይላጣል። ስለዚህ በሳሙና መቈጠብ ይቻላል፤ በማለቅለቂያ ውሃና ቶሎ በመለወጥ መቈጠብ ግን አይቻልም።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የሕፃን ጨርቅ ታሪክ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። ጨርቁ ራሱ በየትም አገር የድኻው ዋና ችግር ሆኖ አልቆየም፤ አሮጌ ነጠላ፣ አሮጌ አንሶላ ወይም የማኅበር ስጦታ ይገኛል። ከባዱ ዋጋ ውሃው፣ ማገዶው፣ ሳሙናውና ጉልበቱ ነው፤ እርሱም በሒሳብ መዝገብ ሳይገባ በሴቶች ላይ ወድቆ ኖሯል። ጨርቁ በእውነት ርካሽ የሆነው ሊቨርፑል ጋኑንና ሙቅ ውሃውን፣ ፊንላንድም ጨርቁን ለሁሉ በጋራ ባቀረቡ ጊዜ ነው። በጋራ በማይቀርብበት ስፍራ ርካሽ የተባለው ነገር ሌላ ሰው የከፈለው ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት አሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያው ለኑሮ የሚሆን ነው። ድኻ እናቶችን ለመርዳት የሚያስብ ሁሉ ስለ ጨርቁ ዐይነት ከመምከሩ በፊት ውሃው ከእናቲቱ ደጅ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቅ። በሰፈሩ አንድ ቧንቧና አንድ የጋራ ማጠቢያ ስፍራ ከብዙ ደርዘን ጨርቅ ይበልጥ ይረዳታል። ሁለተኛው ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ነው። ስለ አቡጀዲድ ንግድ የተጻፈውን ስናነብ ጨርቁ ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ ማን እንዳጠበው እንጠይቅ። ይህን ሊነግሩን የሚችሉ አያቶችና እናቶች ዛሬ በየቤታችን አሉ። እነርሱ ሳሉ ጠይቀን ብንጽፈው ለሚመጣው ተመራማሪ መዝገብ ይሆነዋል።